የጠመኔ ካርቶኑ ዕጣ

ጅግጅጋ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ተማሪዎቼ አምቦ የት እንደሆነች ሲጠይቁኝ ካርታው ላይ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አንድ ጣት የማይሞላ ርቀት ለክቼ አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ጣቴን እየሳብኩ እስከ ጅግጅጋ ሳመጣው ይስቃሉ። «ቲቸር፣ ታዲያ እዚህ ምን አመጣሽ?» ይላሉ። ለብዙ ዓመት መልሴ «ጌታ መራኝ» የሚል ነበር። ሐሰት አልነበረም፤ አሁንም ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት አንድ ስልክ ከተደወለልኝ ወዲህ መልሱን ጀምሬ መሃል ላይ እተወዋለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው ልናገረው ብዬ ነው።

ያደግሁት አምቦ፣ ወንጌላውያን ቤት ነው። አባቴ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አረፈ፤ እናቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። አማርኛው ከሰፈር፣ ከቢሮና ከመዘምራን ልምምድ የመጣ ነው፤ ስንጸልይ ግን ሁለቱን ስናደባልቅ ማንም ልብ አይልም።

በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ «ፈቃድ» የሚለውን ያህል የከበደ ቃል አልነበረም። ኃጢአት እንኳ እንደዚያ አይከብድም፤ ኃጢአት ንስሓ አለው። የጌታን ፈቃድ የሳተ ሰው ግን ጌዶ እሄዳለሁ ብሎ የወሊሶ መኪና እንደተሳፈረ መንገደኛ ነው፤ ሲነቃ ርቋል። ምን ልማር፣ የት ልሥራ፣ ማንን ላግባ፣ ሁሉም ፈቃድ ይጠየቅበታል። የማይጠይቅ ሰው በሥጋ የሚመላለስ ይባላል። የሚጠይቀው ደግሞ መልሱን የሚያገኝበት የየራሱ ዘዴ አለው። አንዱ ሕልም ያያል፣ አንዱ ከስብከት መሃል ቃል ይይዛል፣ አንዷ «ሰላም አለኝ» ወይም «ሰላም የለኝም» ትላለች። ከመዘምራኑ አንድ ወንድም በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስት እህቶች «ጌታ አንቺን አሳየኝ» ብሎ ነበር። ሦስተኛዋ የእኔ ጓደኛ ናት፤ ኮሌጅ አንድ ዴስክ፣ መዝሙር ላይ አንድ ማይክ የምንጋራ። ሰምታው ስታበቃ፣ «ላንተ ከነገረህ ጥሩ ነው ወንድሜ። የእኔም ስልክ ቁጥር አለው፤ እስኪደውልልኝ ታገስ» አለችው። ልጁ ከዚያ በኋላ ለሁለት እሑድ ልምምድ አልመጣም።

እኔ እንደ እሷ ተጫዋች አልነበርኩም። ጠንቃቃ ነበርኩ፤ ጥንቃቄዬን ደግሞ መንፈሳዊነት ነው እል ነበር። ሁለቱን መለየት የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

ኮሌጅ የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ከእሑድ ፕሮግራም በኋላ ጠራኝ። በኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ለጋብቻ የሚያስባትን እህት በቀጥታ አይጠይቅም። መጀመሪያ ለሽማግሌ ይናገራል፤ ሽማግሌው ለእሷ ይነግራታል፤ ከዚያ ሦስት ወር የጸሎት ጊዜ ይሰጣታል። በሦስቱ ወር ውስጥ ሁለቱ አይደዋወሉም፣ አንድ ባጃጅ ላይ አይሳፈሩም። መልሷንም የምትሰጠው ለሽማግሌው ነው።

«ልጄ፣ አንድ ወንድም ስላንቺ እየጸለየ ነው» አሉኝ።

ማን እንደሆነ ከመናገራቸው በፊት አውቄዋለሁ። እሱ ከኛ ሁለት ዓመት የሚቀድም፣ ጊንጪ የተመደበ የሒሳብ መምህር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ እየመጣ እሑድ ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ ይጫወታል። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ፊት ለፊት ካሉት ጥርሶቹ አንዷ ትንሽ ተሰብራ ስለነበር። እወደው እንደነበር አሁን በቀላሉ መጻፍ እችላለሁ። ያን ጊዜ ለራሴም አላልኩትም።

ሽማግሌው ባሉበት አንድ ጊዜ እንዲያናግረኝ ፈቀዱለት። የቢሯቸው በር ክፍት ሆኖ፣ እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት የሚያገላብጡ መስለው፣ እሱ እንዲህ አለ፦

«ጌታ ተናገረኝ አልልሽም። አልተናገረኝም። የማውቀው እንደምወድሽ ነው። እሱንም ያወቅኩት ብዙ ከጸለይኩ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሱ ግን የሚጨምረው አልነበረውም፤ ሰላም ብሎን ወጣ።

ሌላዋ ብትሆን ንግግሩ ደስ ያሰኛት ነበር። እኔን አስፈራኝ። ያደግሁት ካርድ ክፍል የምትሠራ እናት ጋ ነው፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት የትም እንደማያደርስ ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። ያ ሁሉ ወንድም «ጌታ አሳየኝ» እያለ በሚመጣበት ዘመን፣ የምወደው ሰው ማኅተም ሳያስመታ መጣ። ስለዚህ ማኅተሙን ፍለጋ እኔ ወጣሁ።

ለእናቴ ስነግራት ሥራ ላይ የለበሰችውን ነጭ ጋውን እያወለቀች ነበር።

«ልጁ ጥሩ ልጅ ነው» አለች። «እናቱንም አውቃታለሁ። ምንድነው የቀረሽ?»

«እጸልይበታለሁ።»

«ኢንታላ ኮ፣» ልጄ ማለቷ ነው፣ «አንቺ ጎመን ልግዛ ድንች ብለሽ የምትጸልዪ ልጅ ነሽ። ባለፈው ጫማ ልግዛልሽ ብዬሽ ጸልየሽ ስትመለሺ ቁጥርሽ አልቆ ነበር። ሰው እንደ ጫማ ሁለተኛ አያስመጣም እሺ!»

ሳቅሁላት።

ሦስቱ ወር አለቀ፤ እኔ የምይዘው ቃል አልመጣልኝም። ሽማግሌውን አንድ ወር እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው፤ ጨመሩልኝ። በዚያ በተጨመረው ወር ውስጥ ኮሌጅ ጨርሰን የመምህራን ምደባ ደረሰ።

ምደባው በዕጣ ነበር። የወረዳዎቹና የከተሞቹ ስም በትናንሽ ወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ተራ በተራ እየገባን እናወጣለን። ያወጣነውን ጸሐፊው ይመዘግባል። ለኛ ለአማኞቹ ይህ ከቢሮ ሥራ በላይ ነበር። ዕጣ ሰው የሚጥለው፣ ጌታ የሚወስነው ነገር ነው ብለን ተምረናል። የሌላውን አላውቅም፣ እኔ ምደባው በዕጣ መሆኑን ስሰማ ልቤ ዐረፈ። ስፈልገው የነበረው ማኅተም በእጄ መጣ።

ከኮሌጁ ወደ ቤት ስሄድ፣ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ ዕጣዬ ጊንጪ ከወጣ እሺ እለዋለሁ። ሌላ ቦታ ከወጣ እምቢ እለዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም፣ ለጓደኛዬም። ለሰው ከተነገረ ሰው እጁን ያስገባበታል ብዬ ፈራሁ።

ቀኑ ሲቀርብ አንድ ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። እጄ። ጊንጪ እንዲወጣልኝ በጣም እየፈለግሁ እጄን ካርቶኑ ውስጥ ብከት ያ ዕጣ ንጹሕ ነው ወይ? ጣቴ ወረቀቶቹን እያንቀሳቀሰ ቢመርጥስ? የተጠቀለለ ወረቀት ጣት እንደማያነበው አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ቢሆንም ጓደኛዬ ጋ ሄድኩና፣ «የዕጣው ቀን ተራራ ወጥቼ እጸልያለሁ፤ የእኔንም አንቺ አውጪልኝ» አልኳት። ያልመጣ ሰው ወኪል መላክ ይችል ነበር።

«ደህና ነሽ አንቺ?» አለችኝ። «ሰው ለዕጣ ይሰለፋል እንጂ ከዕጣ ይሸሻል እንዴ?»

«ጌታ ብቻውን እንዲያወጣው ፈልጌ ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ፣ በእኔ እጅ ግን ነው የሚያወጣው። የእኔ እጅ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሰሃን ሳይሰብር ውሎ አያውቅም።»

የውክልና ወረቀቱን ጽፌ ፈረምኩላት። በማግስቱ ከከተማው በላይ ያለው ባሕር ዛፍ የበዛበት ኮረብታ ላይ ወጣሁ፤ የኛ ወጣቶች ሱባኤ ሲኖራቸው የሚወጡበት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጾሜ ጸለይኩ። ከታች የመኪና ጡሩንባ ይሰማኛል፤ ወደ ነቀምት የሚሄዱትንና ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱትን አቅጣጫቸውን ለመለየት እሞክር ነበር። ይህን የጻፍኩት ጸሎቴ እንዴት እንደነበር ሰው እንዲያውቀው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስወርድ ጓደኛዬ ኮረብታው ሥር፣ የተከመረ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ለኔ ጊንጪ» አለች። «ላንቺ እጃጂ።»

ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። አዝናልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ጊንጪ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። እጃጂ በተቃራኒው ናት፤ ጌዶን አልፎ፣ ብርዱ ተሸኝቶ በቆሎና ማንጎ የሚጀምርበት፣ መንገድ ዳር የተሰለፈች ከተማ።

«ጌታ ይመስገን» አልኩ።

«ስሚ» አለችኝ። «ከፈለግሽ እንቀያየር። እስከ ዓርብ ሁለታችንም ከፈረምን ይሆናል ብለዋል። እኔ ምንም አይደለም፤ የእማማ አስም ነው እንጂ የሚያሳስበኝ፣ እሷንም እህቴ ታያታለች። ከፈለግሽ ነው የምልሽ።»

የመለስኩላት መልስ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ በዚያ ዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ሁሉ የኮራሁበት ስለነበር። «ጌታ ያወጣውን እኔ አልቀይርም» አልኩ። ቆሻሻ የያዘ ነጠላዬን አራገፈችልኝና አብረን ወረድን።

ለሽማግሌው እምቢታዬን ነገርኳቸው። «ሰላም አጣሽ?» አሉኝ። «መልስ አገኘሁ» አልኳቸው። እሳቸው የጠበቁት መልስ ይህ አልነበረም፤ ግን የጌታን መልስ የሚመረምር ሽማግሌ የለም። ወንድምየው ግን ምክንያቱን ከአፌ ለመስማት ጠየቀ። እንደገና ያው ቢሮ፣ ያው ክፍት በር። ነገርኩት።

«ካርቶኑ ውስጥ ስንት ቦታ ነበረ?» አለ።

«አሥራ ስምንት።»

«ከአሥራ ስምንት ለኔ የሰጠሽኝ አንዱን ነዋ።»

«ለጌታ ነው የሰጠሁት።»

አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ሊወጣ ሲነሣ በሩ ላይ ቆመና፣ «እጃጂ እኮ መንገድ ዳር ናት» አለ። «መኪና ይሄዳል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ጊዜ የአለማመን ንግግር አድርጌ ነበር የያዝኩት።

እጃጂ አራት ዓመት አስተማርኩ። ከተማዋን አልጠላኋትም። ተከራይቼ የኖርኩት አንዲት በቆሎ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር፤ አዴ ነበር የምላቸው፣ እትዬ እንደማለት፤ ጠዋት ጠዋት «አከም ቡልቴ» ሲሉኝ እንዴት እንዳደርኩ እውነቱን ካልነገርኳቸው አይለቁኝም። በነዚያ ዓመታት መንገዱ ደጋግሞ ይዘጋ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ኔትወርክ ለሳምንታት ይጠፋል፤ ሰው መልእክት የሚልከው እንደ ድሮው በሰው ነው። ጓደኛዬ ከእሱ ጋር የምትጋባ መሆኗን የሰማሁት እንደዚያ ነው። አዴ ከአምቦ ገበያ ሲመለሱ እናቴ የላከችውን የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። ጓደኛዬና እሱ አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት፤ ጊንጪ ያለው ኅብረት ውስጥ አብረው ያገለግላሉ። ሚዜ እንድሆናት እንደምትፈልግና ሊደወልልኝ እንዳልተቻለ እናቴ ጽፋልኛለች። ከታች በራሷ ቋንቋ፣ መምጣት ካልፈለግሽ ማንም አይፈርድብሽም የሚል ጨምራለች።

በሰርጉ ሳምንት ከጌዶ ወዲያ መንገዱ ተዘጋ። አልሄድኩም። መዘጋቱንም ጸጋ ብዬ ቆጠርኩት። ያን ጊዜ የማልቆጥረው ነገር አልነበረም፤ መኪና ሲቀር መልስ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ መልስ ነው፣ ስልክ ሲጠፋ መልስ ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው አይሳሳትም፤ የሚሳሳትበትን ነገር ራሱ አያደርግማ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት መምህራን ሲፈልግ አመለከትኩ። ቅጹ ላይ «የሚመርጡት የሥራ ቦታ» የሚል መስመር ነበረው። ባዶ ተውኩት። ጌታ ይሙላው አልኩ። ጅግጅጋ መደቡኝ። ነፋሱን፣ ግመሎቹን፣ ሰዎቹን ለመድኩ። እዚህ ያለችው ኅብረታችን ትንሽ ናት፤ እሑድ ሃያ ሰው ከሞላን ብዙ ነን። ለጋብቻ የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነበር፣ አንዴ። ምልክት ጠበቅሁ፤ ምልክቱ ሳይመጣ ሰውየው ሄደ። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቅጹም በየዓመቱ ይመጣል፤ መስመሩን በየዓመቱ ባዶ እተወዋለሁ። እነሱም እዚሁ ያስቀሩኛል።

ስልኩ የተደወለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከሰርጉ ወዲህ ከጓደኛዬ ጋር በበዓል በበዓሉ እንደዋወላለን፤ ያን ቀን በዓል አልነበረም።

«ሰው አጠገብሽ አለ?» አለችኝ።

«የለም። ምነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ስሚኝ፣ ሳልጨርስ አትናገሪ። ካቋረጥሽኝ እዘጋዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሏ እህት ልጅ ነርስነት ጨርሳ ሩቅ ቦታ በዕጣ ተመድባ፣ ቤታቸው መጥታ ስታለቅስ እሱ ሊያጽናናት፣ «አይዞሽ፣ እኔንም አንድ ጊዜ ዕጣ ነክቶኛል» ይላታል። ከዚያ የድልድዩን ጸሎቴን አጫወታት፤ ጊንጪ ከወጣ እሺ፣ ሌላ ከወጣ እምቢ። እንደ ቀልድ ነው ያወራው። ጓደኛዬ ጓዳ ሆና ሰማች። ከዚያን ቀን በፊት ሰምታው አታውቅም። እኔ አልነገርኳትም፤ እሱም የቆየ ነገር ነው ብሎ አንሥቶት አያውቅም።

«ያን ቀን» አለች፣ «ሰልፉ ረጅም ነበር። ጸሐፊው ቸኩሏል። ውክልናውን ሳሳየው ‹ሁለቱንም አንድ ጊዜ አውጪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው› አለኝ። አወጣኋቸው። በአንድ እጄ፣ ሁለቱንም። ፈታኋቸው። ጊንጪና እጃጂ። እሱ እስክሪብቶውን ይዞ ‹የቱ ነው ያንቺ?› አለኝ።»

ዘግታው ይሆናል ብዬ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«አፌ ቀደመኝ» አለች። «የእማማ ደረት በልቤ መጣና፣ ‹ጊንጪ የኔ› አልኩ። የኔ አልነበረም። ያንቺም አልነበረም። የማንም አልነበረም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። ለዚያ ነበር እንቀያየር ያልኩሽ። እምቢ ስትዪ ደስ አለኝ። አሁን እንግዴህ ተናገሪ።»

እጄ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ ደርቆ ቆዳዬን ይዞት ነበር፤ እሱን ነበር የማየው። አልቅሼ እንደሆነ ሰው ይጠይቀኛል፤ አላለቀስኩም። ያን ሰዓት ያሰብኩት ኮረብታውን ነው። ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ተንበርክኬ ንጹሕ እንዲሆን የደከምኩለት ዕጣ፣ ከታች ሰልፍ በዛ ተብሎ፣ የታመመች እናት ባላት አንዲት ልጅ አፍ ተወሰነ። እጄን ያራቅሁት የሰው እጅ እንዳይገባበት ነበር። የገባው የሰው አፍ ነው። በሩን የከፈትኩትም ራሴ ነኝ።

«እሱ ያውቃል?» አልኳት።

«አያውቅም። ለዛ ነው የደወልኩት። ሰባት ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ ሦስት ልጅ ወልጄለት… አንቺን ያጣው በኔ አፍ እንደሆነ ልንገረው? ወይስ ይቅር? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው። የፈለግሽውን ያህል ጊዜ ወስደሽ ጸልዪበትና ንገሪኝ።»

ሦስት ወር ልወስድ እችል ነበር። ትሰጠኝም ነበር።

«ጊዜ አያስፈልገኝም» አልኩ። «ንገሪው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ንገሪው። ግን ግማሹን አይደለም። አፌ ቀደመኝ ካልሽው፣ እንቀያየር እንዳልሽኝም ንገሪው። እስከ ዓርብ ጊዜ እንደነበረኝ፣ ጌታ ያወጣውን አልቀይርም ብዬ እምቢ እንዳልኩም ንገሪው። እሱ ራሱ መኪና ይሄዳል ብሎኝ ነበር። መኪናው ይሄድ ነበር እኮ። አልተሳፈርኩም እንጂ።»

«ታዲያ ይቅር አትይኝም?»

«ብያለሁ። እኔንስ?»

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽኝ?»

«ዕጣዬን አሸከምኩሽ። የራሴን ነገር በራሴ እጅ ላወጣው ሲገባኝ።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ እጄ ሰሃን ሳይሰብር አይውልም ብዬሽ ነበር» አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ ብዙ አይደለም።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት መልእክት ላከችልኝ። ነግራዋለች። ሁሉንም። እሱም አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ «ከአሥራ ስምንት አንድ እንኳ አልነበረም ማለት ነው» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ትንሿን ልጃቸውን ሊያጥብ ሄደ። ጓደኛዬ ከታች፣ «ሰላም ነን» ብላ ጽፋለች። አምናታለሁ።

እምነቴ ተናወጠ ወይ ብላ እናቴ ጠይቃኛለች፤ ለእሷም ነግሬያታለሁና። አልተናወጠም። ጌታ በነዚህ ዓመታት ከኔ ጋር እንዳልነበረ አንድም ቀን አላሰብኩም፤ እጃጂም ነበረ፣ እዚህም አለ። ያልነበረው ሌላ ነገር ነው፤ እኔ እሺ ወይም እምቢ ያልኩበት ቀን። እናቴ ይህን ሰምታ፣ «አሁንስ ጫማ ልግዛልሽ?» አለችኝ።

«ግዥልኝ» አልኳት። «ጥቁር። ሠላሳ ስምንት።»

በሰኔ የውል ማደሻው ቅጽ መጣ። ያን ጠዋት ጸለይኩ፤ እንደ ሁልጊዜው። ግን ምልክት አልጠየቅሁም። የት መኖር እንደምፈልግ ለራሴ ጠየቅሁ። አምቦን አሰብኩ፤ እናቴ ጡረታ ወጥታለች፣ ታናሽ እህቴ ግን አጠገቧ ናት። ጊንጪን አላሰብኩም። አራተኛ ክፍል ሆነው ያገኘኋቸው ልጆች ዘንድሮ ስምንተኛ ይፈተናሉ። ሃያ ሰው የማትሞላዋ ኅብረታችን የሰንበት ትምህርት የሚያስተምር ሌላ ሰው የላትም። ነፋሱንም ወድጄዋለሁ፤ ይህን ከዚያ በፊት ለራሴ አላልኩትም።

«የሚመርጡት የሥራ ቦታ» የሚለው መስመር ላይ «ጅግጅጋ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን የሚረከበው የቢሮ ሠራተኛ አንብቦት ቀና አለ።

«ቲቸር፣ እዚሁ ነሽ እኮ። ባዶ ብትተዪውም እዚሁ ነበር የምትቀሪው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ግን ይጻፍልኝ።»